በየሰው ቤት የቀረ ሙዚቃ

የምስጋና ምሽት የሚባል ነገር ያናድደኛል። ሰውየውን ከፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል፣ አበባ ያስታቅፉታል፣ ከዚያ ያልሠራውን ሠራህ እያሉ ያጨበጭቡለታል። የሠራውን የሚያነሳ አይገኝም። ለማንሳት መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋላ። ከእንዲህ ዓይነት ምሽቶች ለመቅረት ስል ብዙ ጊዜ ታምሜያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ዘመድ ሞቶብኛል።

ባለፈው መስከረም ግን ማምለጫ አጣሁ። በኔዘርላንድ የዴን ሃግ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ማኅበር ሊቀመንበር ደወለችልኝ። ቀን ቀን አረጋውያንን ትንከባከባለች፣ በተረፋት ጊዜ ማኅበር ትመራለች፤ እምቢ ሲሏት ያልሰማች መስላ መቀጠል ትችልበታለች።

«ለፒያኖ አስተማሪው የምስጋና ምሽት ልናዘጋጅላቸው ነው» አለች። «ጽሑፉን ልኬልሃለሁ፤ አማርኛውን አቃናልኝ።»

«ጊዜ የለኝም።»

«ጥሩ፣ እስከ ዓርብ አድርስልኝ።»

ጽሑፉ አንድ ገጽ ነው። ከመካከሉ እንዲህ ይላል፦ «ተወዳጁ መምህራችን በአገራቸው በቡልጋሪያ ታላቅ የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ወደ ኔዘርላንድ ከመጡ በኋላ ግን ድርሰቱን ትተው መላ ሕይወታቸውን ለልጆቻችን ሰጡ።»

ዓረፍተ ነገሩ ያናደደኝ ሐሰት መሆኑን አውቄ አይደለም። እውነት ነው ብዬ ነበር። ያናደደኝ ርካሽነቱ ነው። እኛ ዘንድ አስተማሪ የሚመሰገነው ሌላ ነገር መሆን ሲችል አስተማሪ ሆኖ በመቅረቱ ነው። ልክ ማስተማር ማለት ሰው ራሱን የሚቀብርበት ጉድጓድ እንደሆነ ሁሉ፣ እኛም አፋፉ ላይ ቆመን እናለቅሳለን። ለማንኛውም «ትተው» የምትለዋን ቃል ከማጥፋቴ በፊት ባለቤቱን ልጠይቅ ብዬ አሰብኩ።

ሰውየውን ያወቅኳቸው ልጄ ስምንት ዓመት ሲሆናት ነው። ያኔ ትራንስቫል በሚባለው የዴን ሃግ ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ፣ ከአንድ መጋረጃ ሻጭ ሱቅ በላይ ባለ ክፍል ያስተምሩ ነበር። ፒያኖው ከተዘጋ ቤተ ክርስቲያን የወጣ ነው። በገበያ ቀን የዓሣ ሻጩ ጩኸት በመስኮቱ ይገባል፤ እሳቸው ግን መስኮቱን አይዘጉም። «ያ ሰው ድምፁ ሳይሰበር ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ስሙት፤ ትንፋሽ አያያዝ ከእሱ ተማሩ» ይሏቸዋል ልጆቹን በዚያ ድንጋይ ድንጋይ በሚለው ደችኛቸው።

የእኛ ሰዎች ወደ እሳቸው የሄዱት በምክንያት ነው። በወጣትነታቸው፣ በአብዮቱ ዘመን፣ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ መጥተው ሙዚቃ አስተምረዋል። ከዚያ የቀረቻቸው አማርኛ ሃያ ቃል አትሞላም፤ እሷም ሁሉ ትእዛዝ ናት። ቁጭ በል። ተነሥ። ቀስ። ዝም። ለቄስም፣ ለእናትም፣ ለሕፃንም ያው ነው። ከትእዛዞቹ ይልቅ ያስቸገረችው ግን አንዲት መጠሪያ ናት፤ ሰውን ሁሉ «ጓድ» ይላሉ። ከጓዶች ሸሽቶ ሱዳን በእግሩ የገባ አባት፣ ስንት አገር አቆራርጦ፣ ልጁን ፒያኖ ሊያስመዘግብ ሄዶ «ጓድ፣ ቁጭ በል» ሲባል ምን እንደሚሰማው አስቡት። አንድ ጎረቤቴ የልጁን እጅ ጨብጦ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ደጅ አገኘሁት፤ የግንባሩ ሥር ተገትሯል።

«እዚህም ድረስ ላኩብኝ?» አለኝ።

እኔ ልጄን ይዤ ወጣሁ። ስለ ሙዚቃ አውቄ አይደለም። ሰው ሁሉ የሚሸሸው ነገር ስለሚስበኝ ነው፤ ይህ ጠባዬ በሕይወቴ ከጠቀመኝ ጥቂት ጊዜያት አንዱ ያ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ላይ የግራ እጇ ትንሽ ጣት በብስክሌት ሰንሰለት ተይዛ፣ ጎበጥ እንዳለች ነው የዳነችው። ሰውየው እጇን ተቀብለው እንደ ሐኪም ገለባብጠው አዩት። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው አጠፉ፣ ዘረጉ። እኔ ይቅርታ መጠየቅ ዳዳኝ።

«አራት ተኩል ጣት» አሉ። «ይበቃል።»

ሦስት ዓመት ተማረች። በየሳምንቱ ባለ አምስት መስመር ደብተሯን ይዛ ትመለሳለች፤ ደብተሩ ላይ እሳቸው በእርሳስ የጻፉት አለ፣ ክብ ክቦች፣ ጭራ ያላቸው ነጥቦች፣ ከነጥቦቹ በላይ ደግሞ የጣት ቁጥር። ኖታ አላነብም። የቤት ሥራ ነው ብዬ ነበር፤ በሠራችው ቁጥር «ጎበዝ» እላታለሁ። ከዚያ አሥራ አንድ ዓመቷ ላይ ፒያኖ አስጠላኝ ብላ ተወችው።

አሁን ሰውየው ሰማንያውን ካለፉ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት በዴን ሃግ ጥግ ባለችው በራይስዋይክ ከተማ በአንድ የአረጋውያን ቤት ነው። የእኔ መሥሪያ ቤት ከዚያ አሥር ደቂቃ ቢያስኬድ ነው። በምሳ ሰዓት ሄድኩ። መስኮት ሥር ተቀምጠው፣ የሻይ ኩባያ ክዳን የሚያክል አጉሊ መነጽር ይዘው ጋዜጣ ላይ አጎንብሰዋል። የዓይናቸው መካከል እየሞተ ነው። ዳር ዳሩን ያያሉ፤ የሚያዩትን ነገር ራሱን ግን አያዩትም። ሐኪሙ እስከ ሚያዝያ ያነቡ ይሆናል ብሏቸዋል።

የማኅበሩን ጽሑፍ ወደ ደችኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው።

«ያችን ድገማት» አሉ።

«ድርሰቱን ትተው።»

«ማነው የጻፈው?»

«ማኅበሩ።»

«ማኅበር እጅ የለውም። ማነው?»

ሊቀመንበሯን ላለማሳጣት ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አጋጩት፤ አጠገባችን ካርታ ይጫወቱ የነበሩ ሁለት አሮጊቶች ቀና አሉ።

«ሶፊያ እያለሁ ለሰማንያ ሰው ኦርኬስትራ እጽፍ ነበር» አሉ። «ሰማንያ ሰው አንድ ወር ያጠናል፣ ሁለት ቀን ይጫወታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ቁም ሣጥን ይገባል። ቁም ሣጥን ነው የሙዚቃ ደራሲነት? እዚህ መጥቼ ግን ለእጅ ጻፍኩ። ከእኔ ጋር አንድ ዓመት ለቆየ ልጅ ሁሉ አንድ ድርሰት። የእጁን ስፋት፣ የሚፈራውን ጣት፣ ትዕግሥቱን አይቼ። ሠላሳ አራት ናቸው። ከሶፊያው ሁሉ ይበልጣሉ። ትተው ይለኛል!»

«የት አሉ?»

«እናንተ ጋ። በየቤታችሁ።»

«ቅጂስ አላስቀሩም?»

እንደ ደደብ አዩኝ። «ስጦታ ስትሰጥ ቅጂ ታስቀራለህ?»

«እሺ፣ በቃልዎ ያውቋቸዋል?»

«እጆቹን አውቃቸዋለሁ» አሉ። «ሙዚቃውን ሰጥቻለሁ አልኩህ እኮ።»

ከዚያ የሚፈልጉትን ነገር ተናገሩ። ሠላሳ አራቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ ማየት ይፈልጋሉ፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ። እያንዳንዱን በራሳቸው ዓይን አይተው፣ የእኔ ነው ብለው ፈርመው፣ ዝርዝር አውጥተው። «ከዚያ በኋላ ማኅበሩ የፈለገውን ይጻፍ። ጓድ፣ ሰብስብልኝ።»

በንዴት ተቃጥዬ ከዚያ ቤት መውጣቴ ትዝ ይለኛል። የተናደድኩት በሊቀመንበሯ፣ በማኅበሩ፣ በእኛ ሰው ሁሉ ነበር። ሁለት ትውልድ በጽዳት፣ በሆቴል፣ በእንክብካቤ ጀርባውን ያጎበጠ ሕዝብ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለልጆቹ ጣት ሙዚቃ ሲጽፍለት አላየም! ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቁጡ ጽሑፍ በልቤ ጀመርኩ፤ ትራም ላይ ሆኜ ሁለት አንቀጽ ጨረስኩ። የራሴን ለመጨረሻ አቆየሁት። የልጄ ደብተር ቤት አለ፤ የትም አይሄድም።

ምሽቱን እንድታቆየው ለሊቀመንበሯ ነግሬ፣ በየቅዳሜው መዞር ጀመርኩ። አምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ የምትኖር አንዲት እናት፣ ሆቴል ውስጥ የክፍል ጽዳት ኃላፊ ናት፣ የልጇን ደብተር ከክርስትና ወረቀቱና ከክትባት ካርዱ ጋር በሻንጣ አስቀምጣዋለች።

«ይሄንን ነው? ይሄ እኮ የቤት ሥራው ነው» አለችኝ።

«የቤት ሥራ አይደለም። ለልጅሽ የተጻፈ ሙዚቃ ነው።»

«ለእሱ? ለዚህ ቀልቃላ?»

ልጁ አሁን ረጅም ሰውዬ ሆኗል፣ ቢሮ ነው የሚሠራው። ከሶፋው ሳይነሳ በደችኛ «ማማ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ» አላት። ደብተሩን ከእጄ ወስዶ አንድ ገጽ ገለጠ። ከላይ በእርሳስ ‹ዝም ብሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ› ይላል። ከገጹ መሀል፣ ኖታው ቆም የሚልበት ላይ፣ በላቲን ፊደል ‹ተነሥ› ተብሎ ተጽፏል፤ ከሁለት መስመር በኋላ ደግሞ ‹ቁጭ በል›።

«እዚህ ጋ በእውነት እነሣለሁ» አለ ልጁ። «ከወንበሩ እነሣና አንድ ዙር ዞሬ እቀመጣለሁ፤ ግራ እጄ ግን ሳያቋርጥ መምታት አለበት። ሁለት ወር ፈጀብኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የሳቅኩበት ጊዜ የለም።»

እናቱ አፏን በእጇ ያዘች። «እኔ ደግሞ ተቀመጥና አጥና እያልኩ በጥፊ እለው ነበር!»

ሮተርዳም ደግሞ አንድ አባት አለ፣ በወደብ በኩል መጋዘን ውስጥ የሚሠራ። የሴት ልጁ ድርሰት በሰባት ምት የሚሄድ ነው፣ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፤ አስተማሪው ባደጉበት በቡልጋሪያ ሰርግ ላይ የሚጨፈርበት አረማመድ። አባትየው ይህንን አያውቅም። በአራት መሄድ ያለበት ነገር የሚያነክስ መስሎት ሊጣላ ሄዷል።

«ልጄን አራት ድረስ መቁጠር እንኳ አላስተማሯትም አልኳቸው» አለኝ፣ አሁንም ትንሽ እንደተቀየመ። «‹ጓድ፣ ልጅህ ስትራመድ አይተህ ታውቃለህ? በአራት አትራመድም፤ በሰባት ነው የምትዘለው› አሉኝ። በማግስቱ ስትሄድ ከኋላዋ ሆኜ ቆጠርኩ።»

«እና?»

«ሰባት ነው!»

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሃያ ስምንት አገኘሁ። አንዳንዱ ቤት ምድር ቤቱ ውኃ ገብቶበት ደብተሩ በስብሷል። አንድ ቤተሰብ ወደ እንግሊዝ ሲዛወር ጥሎት ሄዷል። አንዷ እናት የገበያ ዝርዝር እየጻፈችበት ገጹን ሁሉ እየቀደደች ጨርሳዋለች፤ በንዴት አየኋት፣ እሷም አለቀሰች። አላጽናናኋትም። ይህንን የምናገረው በኋላ የሆነውን ስለማውቅ ነው።

ሃያ ስምንቱን ይዤ፣ ሰውየው ሳይልኩኝ፣ አምስተርዳም ውስጥ የሙዚቃ ድርሰቶችን ሰብስቦ ወደሚያስቀምጥ አንድ ቦታ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነበር። እጁን ታጥቦ መጥቶ ነው ገጾቹን የነካቸው። ሲስቅ አየሁት፣ ‹ተነሥ› የሚለው ጋ ደርሶ፣ ትርጉሙን ስነግረው።

«በጣም ያምራሉ» አለ። «ግን እኛ የምንይዘው ሥራዎችን ነው። እነዚህ የማስተማሪያ ቁሳቁስ ናቸው።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ሥራ ለመድረክ ይጻፋል።»

«ማለትም ለማያውቀው ሰው የተጻፈ ከሆነ ሥራ ነው፤ ለሚያውቀው ልጅ የተጻፈ ከሆነ ቁሳቁስ ነው?»

ቀላ። ደቾች ሲያፍሩ የሚቀሉት ነገር እንኳ ሥርዓት አለው፣ ከአንገት ይጀምራል። አለቃዬን ላነጋግር ብሎ ገብቶ ተመለሰ። የተሟላ ዝርዝር ካመጣን እንደገና ያዩታል፤ የእያንዳንዱ ድርሰት ጽሑፍ የት እንዳለ፣ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ፣ የሌለውም ካለ ለምን እንደሌለ። በሰውየው የተፈረመ። ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ያቺን «ቁሳቁስ» የምትል ቃል እስከ ዴን ሃግ ድረስ አኘክኳት። ሊቀመንበሯ «ትተው» አለች፣ ይኼኛው «ቁሳቁስ» አለ፤ ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ነው።

የራሴን ደብተር መፈለግ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫችን ሰማያዊውን ደብተር ከልጆቹ ሥዕሎች ሥር አወጣሁት። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ዳይኖሰር አለ። ሁለተኛው ላይም። ሦስተኛው ላይ የወንድ ልጄ የተንጋደደ የኖታ ልምምድ፣ ሁለት ሳምንት ሞክሮ የተወው። ገለጥኩ፣ ገለጥኩ። ከዳይኖሰሮቹ ሥር ወረቀቱ ግራጫ ነው፣ የተሻሸ ጨርቅ መስሎ ሸካራ ሆኗል።

ያኔ ትዝ አለኝ።

ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ልጄ ፒያኖውን ትታለች፤ ታናሽ ወንድሟ ልጀምር ብሏል። ባለ አምስት መስመር ደብተር ያስፈልገዋል። ባለቤቴ አዲስ እንግዛለት አለች። እኔ ስለ አባካኝነት ንግግር አደረግኩላት፤ በዚህ አገር ሰው ገና ግማሹ ያልተጻፈበትን ወረቀት እንደሚጥል፣ እኛ ግን እንዴት እንዳደግን። በእርሳስ የተጻፈ ደብተር ለታናሽ የሚተላለፈው ተፍቆ ነው። አባቴ የእህቴን ደብተሮች ፍቆ ሰጥቶኛል፤ ሦስተኛ ክፍልን በሙሉ የተማርኩት በእሷ ጥላ ላይ ነው። ማእድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ትልቁን ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ። ገጽ በገጽ ፋቅኩ፣ ብናኙን እፍ አልኩ፣ ሰውየው እርሳሱን ተጭነው ስለሚጽፉ ክንዴ ደከመ። ስጨርስ ኮራሁ። እንደ ጥሩ አባት ነበር የተሰማኝ።

ልጄ አሁን ሮተርዳም ነው የምትኖረው። ደወልኩላት።

«ፋቅከው?» አለችኝ።

«የቤት ሥራ መስሎኝ።»

«ፓፓ፣ ከላይ ‹ለአራት ተኩል ጣት› ይል ነበር እኮ። በደችኛ። አንተ እኮ የሻምፑ ጠርሙስ ሳይቀር ታነባለህ!»



«ታስታውሽዋለሽ?» አልኳት።

«ጥቂቱን። ትንሿ ጣቴ እስከ መጨረሻው ምንም አትሠራም ነበር። ሌሎቹ ይሮጣሉ፣ እሷ ትጠብቃለች። መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትመጣለች፣ አንድ ድምፅ፣ ረጅም። ያመኝ ነበር። እጠላው ነበር። ግን ያንን ድምፅ ካላገኘሁ ከወንበሩ አልነሣም ነበር። ሌላው ጠፍቶኛል። ለእሳቸው አንተ ንገራቸው፤ እኔ አልነግርልህም።»

ሰኞ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ከአምስተርዳም መልስ ያደረስኩላቸው ሃያ ስምንቱ ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል፤ ሰውየው በአጉሊ መነጽራቸው አንድ በአንድ እያዩ፣ እየፈረሙ፣ አንዳንዱ ላይ የራሳቸውን ጣት አዛምደው በጠረጴዛው ጠርዝ እየመቱ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ደስ ብሏቸው አላየኋቸውም።

«የአራት ተኩል ጣቷን አመጣህ?» አሉኝ።

«ደብተሩን አመጣሁ። ሙዚቃው የለም። ለወንድሟ ደብተር ስፈልግ እኔ ፋቅኩት።»

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። እንዲስቁ ጠብቄ ነበር። በሚነገሩ ታሪኮች ሁሉ ጠቢቡ ሽማግሌ ይስቅና ትከሻ መታ መታ ያደርጋል፣ አንድ ጥልቅ ነገር ይናገራል፣ ጥፋተኛውም እንባ አውጥቶ ይገላገላል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ሲነገር ስንቴ ሙልጭ አድርጌ ተችቻለሁ። ራሴ ላይ ሲደርስ ግን በጉጉት ጠበቅኩት።

ደብተሩን ወሰዱ። ገጹን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ አጋደሉት፣ ጣታቸውን አስኬዱበት። ዳይኖሰሩ ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ውጣ» አሉኝ በአማርኛ።

ወጣሁ። አንድ ሳምንት ሙሉ በዚያ መንገድ አላለፍኩም። በሁለተኛው ሰኞ ተመልሼ ገባሁ፤ ሰላምታ አልመለሱልኝም፣ ውጣም አላሉኝም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እንደገና ሊጽፉት አይችሉም?» አልኩ።

«ለማን?» አሉ። «ያ እጅ እኮ የለም። አሁን የአንዲት ሴት እጅ ነው፣ አላውቀውም። አንተ ጽሑፍህ ቢጠፋብህ እንደገና ትጽፈዋለህ?»

«እሞክራለሁ።»

«ለዚህ ነዋ መፋቅ የቀለለህ» አሉ።  ሰድበውኛል፤ መሳደባቸው መልካም ምልክት ነበር።

ከዚያ ሰኞ ጀምሮ ዝርዝሩን እሳቸው እየነገሩኝ እኔ እጽፋለሁ። ለየትኛው እጅ፣ የት ከተማ፣ ማን ዘንድ፣ በምን ሁኔታ። ‹አውራ ጣቷን ለምትደብቅ ልጅ፤ ዴን ሃግ፤ እናቷ ዘንድ፤ ሙሉ።› ‹እጁ ከዕድሜው ለቀደመ ልጅ፤ አምስተርዳም፤ ውኃ ገብቶበት በስብሷል።› የእኔ ላይ ደረስን። ‹ለአራት ተኩል ጣት፤ ዴን ሃግ፤ ጠፍቷል› ብዬ ጻፍኩና አነበብኩላቸው።

«የጠፉት የጠፉ ናቸው» አሉ። «ውኃ የወሰደው አለ፣ በመንገድ የቀረ አለ። ያንተ አልጠፋም። ጻፍ፦ አባቷ በላጲስ ፋቀው።»

ጻፍኩ።

ለማኅበሩ የሰጠሁት ጽሑፍ ከዝርዝሩ ጋር ነበር። «ትተው» የምትለዋን ሰርዤ፣ ‹ወደ ኔዘርላንድ ከመጡ በኋላ ለልጆቻችን እጅ ሠላሳ አራት ድርሰት ጻፉ፤ እኛ ወላጆች አላነበብናቸውም› አልኩ። ሊቀመንበሯ በዚያው ሰዓት ደወለች።

«ይሄ ምስጋና ነው ወይስ ክስ?»

«ሁለቱም።»

«እሺ እሱስ ይሁን። ይሄ ‹አባቷ በላጲስ ፋቀው› የሚለው ምንድን ነው? ሰው ሁሉ ያንተ እንደሆነ ያውቃል እኮ!»

«ይወቅ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ነካህ? ‹አልተገኘም› ብለን እንለፈው። ለራስህ ብዬ እኮ ነው።»

«ለእኔ ብለሽ አይደለም። ምሽቱ እንዳይደፈርስ ብለሽ ነው። ያቺ መስመር ከወጣች ዝርዝሩ የሳቸው አይደለም፤ የአምስተርዳሙም ሰዎች ለምን እንደሌለ ይጻፍ ብለዋል፣ እሳቸውም የፈረሙት በዚያ ላይ ነው። ከምታወጪያት ምሽቱን ሰርዢው።»

«መቼም አንተ ነገር ሳታጣምም አታድርም!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ግን አላወጣቻትም። ይህንን ለእሷ ልመሰክርላት ይገባል፤ እኔ እሷን ባልሰማትም እሷ ሰማችኝ።

ምሽቱ ተካሄደ። አበባ ነበር፣ ጭብጨባ ነበር፣ ረጅሙ ልጅ ከወንበር ተነሥቶ ዞሮ ሲቀመጥ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ልጄ መጥታ ከኋላ ቆመች፣ አልተጫወተችም። ዝርዝሩ በየወንበሩ ላይ ታትሞ ተቀምጧል። ሰው እየገለጠ ያነባል፣ አንዱ ለሌላው በጣቱ ያሳያል፣ ቀና ብሎ ይፈልገኛል። ምነው ታምሜ በቀረሁ!

ሚያዝያ ሲገባ የሰውየው ዓይን ሐኪሙ እንዳለው ሆነ። የአምስተርዳሙ ቦታ ድርሰቶቹን ተቀብሎ ዝርዝሩን በራሱ ወረቀት አትሞ የላከው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከላይ በትልቁ ‹ሥራዎች› ይላል። ይዤላቸው ሄድኩ። ወረቀቱን ተቀብለው በጣታቸው ዳበሱት፣ አሸተቱት፣ መለሱልኝ።

«አንብብ» አሉኝ።

ከመጀመሪያው ጀመርኩ። እያንዳንዱ ላይ ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው ይሰማሉ፤ ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሳል። ልጄ ያለችበት መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ አለ፤ አውቄ አይደለም።

«አልሰማሁም» አሉ።

ደግሜ አነበብኩት። ‹ለአራት ተኩል ጣት፤ ዴን ሃግ፤ አባቷ በላጲስ ፋቀው።› በሳሎኑ ውስጥ የነበሩት አሮጊቶች ዞረው አዩኝ። ሰውየው አልሳቁም፣ አላዘኑም። ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ቆሟል።

«የሚቀጥለው» አሉ።

የሚቀጥለውን አነበብኩ።